ያነበበ ሁሉ ተረድቷልን? የየቲም ልጆቻችንን ንባብ ወደ መረዳት ስለ ማድረስ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በየቲምነት ባደጉት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

የትምህርት ዘመን በተቃረበ ቁጥር ስለ ደብተር፣ ስለ ቦርሳና ስለ ዩኒፎርም ስናሳስባችሁ ቆይተናል፤ እናንተም አላህ ይቀበላችሁና አላሳፈራችሁንም። በዛሬው ጽሑፋችን ግን በቁሳቁስ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ፣ ነገር ግን ያለ እርሱ ደብተሩም ቦርሳውም ዋጋ ስለሚያጣበት አንድ ጉዳይ ልናስረዳ ወደናል። እርሱም ልጁ ያነበበውን መረዳቱ ነው።

አንድ ደብዳቤ ያስተማረን

ከዓመታት በፊት ያጋጠመንን እናስቀድም። ማኅበራችን ከሚረዳቸው ልጆች መካከል አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ድምፁ የጠራ፣ አንደበቱ የተፈታ ስለ ነበር እንግዶች በመጡ ቁጥር «ተነሥና አንብብላቸው» የምንለው እርሱን ነበር። እንግዶቹ ይደነቃሉ፣ እኛም ደስ ይለናል፣ ልጁም ተመርቆ ይቀመጣል።

ከዕለታት አንድ ቀን ለእናቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። ጉዳዩ ሟቹ ባለቤታቸው የተዉትን ቤት የሚመለከት ነበር። እናቲቱ ፊደል ያልቆጠሩ በመሆናቸው ደብዳቤውን ለልጃቸው ሰጡት። እርሱም ከራስጌው እስከ ግርጌው አንድ ቃል ሳያስቀር አነበበላቸው። «ታዲያ ምን ይላል ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «እማዬ፣ አነበብኩልሽ እኮ!» ብሎ መለሰ። እናቲቱም ልጃቸው የተመሰገነ አንባቢ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ የሚያስጨንቅ ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር ብለው ደብዳቤውን ከሣጥን ውስጥ አኖሩት። በደብዳቤው ውስጥ ግን ማስረጃ ይዘው እንዲቀርቡ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ቀኑ አለፈ። ጉዳዩ ከብዙ ምልልስና ከብዙ ለቅሶ በኋላ በአላህ ፈቃድ ተስተካከለ።

በኋላ ልጁን ከአጠገባችን አስቀምጠን ያንኑ ደብዳቤ አብረን አነበብነው። «የጻፈው ማን ነው? ለማን ጻፈ? ምን እንዲደረግ ይፈልጋል? መቼ?» እያልን ጠየቅነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ጣቱን ቀኑ ላይ አሳርፎ ዝም አለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም። ጽሑፍን ወደ ድምፅ መለወጥ ያስተማርነው እኛ ነን፤ ያመሰገንነውም በዚያው ነው። ፊደል ያልቆጠሩት እናቱ በአንድ አፍታ የጠየቁትን «ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ እኛ መምህራኑ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቅነውም ነበር።

መረዳት በዲናችን ያለው ቦታ

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ በመጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ «አንብብ» የሚል እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁንና ቁርኣን በማንበብ ብቻ አላቆመም። በሱረቱ ሷድ መጽሐፉ የወረደው አንቀጾቹን እንዲያስተነትኑ መሆኑ ተገልጿል። በሱረቱ ሙሐመድም በቁርኣን ላይ የማያስተነትኑ ተወቅሰዋል። በሱረቱል ጁሙዓ ደግሞ መጽሐፍ ተሸክመው ያልሠሩበት ሰዎች መጻሕፍት በተጫነ አህያ ተመስለዋል። ሸክሙ ከጀርባ ላይ ነው፤ ከተሸካሚው ልብ ግን አልደረሰም።

የየቲሞችን ጉዳይ በተለይ ስንመለከት፣ በሱረቱ ኒሳእ ስድስተኛ አንቀጽ ላይ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኑ፣ ለአካለ መጠን ደርሰው ቅን አእምሮ ሲታይባቸውም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ታዘዋል። ዑለማዎች ይህንን «ሩሽድ» ገንዘብን በአግባቡ ከመያዝ ጋር አያይዘው ያብራሩታል። ታዲያ በዘመናችን ውልን፣ ደረሰኝን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያን አንብቦ ያልተረዳ ወጣት የአባቱን ውርስ በምን ይጠብቃል? የአሳዳጊው ፈተና በሠርግ ዋዜማ የሚጀመር አይደለም። ልጁ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለ «ምን ተረዳህ?» ተብሎ መጠየቁ የዚህ ፈተና መነሻ ነው ብለን እናምናለን።

ችግሩ የአንድ ልጅ አይደለም

በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በሀገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተማሪዎች የንባብ ችሎታ ላይ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ጥያቄ አልመለሱም። ሁለቱን አኃዞች አስተያዩአቸው። በመካከላቸው ያሉት ልጆች ቃላቱን ያነበቡ፣ ነገር ግን የታሪኩን መልእክት ያላገኙ ናቸው። የእኛ ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ ስለማይታወቅ ከማያነበው ልጅ ይልቅ ሊዘነጋ ይችላል። ችግሩ የሚገለጠው ከፍ ብሎ ሳይንስና ታሪክ በመጽሐፍ መማር ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ «ሰነፍ ሆነ» እንለዋለን እንጂ «ያነበበው አልገባውም» አንልም።

ስለ ምን ይህ ይሆናል?

አንደኛው ምክንያት ልጁ በአንዲት ፊደል ላይ ሲደክም ሐሳቡ የሚያልቅበት መሆኑ ነው። የአማርኛ ፊደል 33 መደብ በሰባት ሰባት ቤት ተዘርግቶ 231 ይሆናል። ይህንን እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። መድኃኒቱም ያንኑ አጭር ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ፊደሉን ያሸንፋል፣ በሁለተኛው ቃሉን፣ በሦስተኛው ሐሳቡን ያገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመድረሳ ለሚመጡ ልጆቻችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ልጁ በሙስሐፉ ላይ የሚቀራው ጽሑፍ አነባበቡን ሁሉ ያሳያል። ሐረካው አለ፤ ፊደሉ የሚጠብቅ ሲሆን ሸዳ አለው። የአማርኛ ፊደል ግን ሸዳ የለውም። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «አሊ ቤት አለ» ሲባል «ለ» ጠብቆ ይነበባል፤ «አሊ እሺ አለ» ሲባል ግን ላልቶ ይነበባል። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ቀዳሚ ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ በውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው። የትኛው እንደ ሆነ ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚነግረን የዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ በአማርኛ መጀመሪያ በትክክል አንብቦ ኋላ መረዳት ብቻ ሳይሆን፣ እየተረዱ በትክክል ማንበብም አለ። ልጁ ማጥበቅና ማላላቱን ሲስት «ተሳስተሃል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «እስቲ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ስሕተቱን ከሥሩ ያርመዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በቤት ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ፣ አፋርኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራሉ፤ በመድረሳ በዓረብኛ ይቀራሉ፤ በሚኖሩበት ከተማ ትምህርት ቤት ደግሞ በአማርኛ ይማራሉ። አንድ ሕፃን ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ ሲሄድ ልናደንቀው እንጂ ልንነቅፈው አይገባም። ቃሉ ካልገባው በእናቱ ቋንቋ ይብራራለት፤ የተረዳውንም በእናቱ ቋንቋ ይንገረን። መረዳቱ ከተገኘ የአማርኛው ቃል ይከተላል።

ይህንን ስንል ቁርኣንን በቃል የመያዝን ክብር ለመቀነስ እንዳልሆነ ይታወቅልን። ትርጉሙን ገና ያላወቀ ሕፃንም ቁርኣንን ሲቀራ በእያንዳንዱ ሐርፍ ምንዳ እንደሚያገኝ በሐዲስ ተላልፎልናል። ይህ ግን የአላህ ቃል ብቻ ያለው ልዩነት ነው። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍን ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ሳይረዱ በማነብነብ የሚገኝ ጥቅም የለም። የቁርኣን ትርጉም በአማርኛ ተዘጋጅቶ በ1961 ዓ.ም. የታተመውም ሕዝበ ሙስሊሙ መልእክቱን በሚሰማው ቋንቋ እንዲረዳ ነው። ልጆቻችን አማርኛውን አንብበው የማይረዱ ከሆነ ያ የዑለማዎች ልፋት ከመደርደሪያ አይወርድላቸውም።

መፍትሔው ከቤታችን የራቀ አይደለም

እኛ በመድረሳ ኪታብ ስንቀራ ሸኹ አንዲት ሐረግ በዓረብኛ ያነባሉ፤ ወዲያውም ማዕናዋን በምንሰማው ቋንቋ ይነግሩናል። ከዚያም ደረሳው ይደግማል። ከትምህርቱ በኋላ ደረሶች ሰብሰብ ብለን ሙጣለዓ እናደርጋለን፤ ማለትም አንዱ የተማረውን ለሌላው ያስረዳል፤ የጎደለውን ጓደኛው ይሞላለታል። ማስረዳት ያቃተው መረዳቱ እንዳልሞላ ያን ጊዜ ያውቀዋል። በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ የሚያስደንቀን፣ ይህን መልካም ልማድ ለኪታብ ብቻ ትተን የአማርኛውን መጽሐፍ በጩኸት ብቻ ማንበባችን ነበር። ዛሬም የምንመክረው አዲስ ነገር ሳይሆን ሙጣለዓን ወደ ልጆቻችን የንባብ መጽሐፍ እንድናመጣው ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ይህቺን አጭር ታሪክ ለልጁ ስጡት፦

«ዘይነባ ማለዳ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ወረደች። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ውኃውን ለእናቷ አድርሳ ደብተሯን ይዛ ሮጠች። ስትደርስ ግን የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር።»

ካነበበ በኋላ አራት ዓይነት ጥያቄ ይጠየቅ።

1ኛ. መልሱ በጽሑፉ ላይ ያለ፦ ዘይነባ ምን ይዛ ወረደች? ልጁ ቃሉን በጣቱ ያሳያል።

2ኛ. ነገርን ከነገር የሚያያይዝ፦ ከቦኖ ከተመለሰች በኋላ ምን ምን አደረገች? እዚህ ልጁ ቅደም ተከተሉን ይናገራል።

3ኛ. ያልተጻፈውን ከተጻፈው የሚያወጣ፦ በሩ ስለ ምን ተዘጋባት? ብዙ ልጆች «ዘበኛው ዘግቶት ነው» ይላሉ። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን በቂ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ «አረፈደች» የሚል ቃል የለም። ልጁ የሰልፉን ርዝመት፣ ሩጫዋንና የተዘጋውን በር አገናኝቶ ራሱ ሊደርስበት ይገባል። ካልደረሰበት መልሱን አትንገሩት፤ «ሰልፉ ምን ያህል ነበር? ስለ ምን ሮጠች?» እያላችሁ ምሩት።

4ኛ. ከራሱ ሕይወት ጋር የሚያገናኝ፦ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ማንስ ሊረዳት ይችል ነበር?

ከጥያቄዎቹ በኋላ መጽሐፉ ተዘግቶ ታሪኩን በራሱ አንደበት ይንገረን። ቃል በቃል ከደገመው በቃሉ ይዞት ይሆናልና «ታሪኩን ላልሰማች ታናሽ እኅትህ እንዴት ትነግራታለህ?» እንበለው። እንዲሁም ልጁ ማንበብ ሳለ ቆም ብሎ «ይህ አልገባኝም» ሲል ይመስገን። አልገባኝም ማለት የመረዳት በር ነው። በዚህ ቃል የተሳቀበት ወይም የተመታ ልጅ ሁለተኛ አይናገረውም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማስመሰል ይሆናል። በሱረቱ ዱሓ የቲምን ከመጨቆን መከልከላችንን እናስታውስ።

ለእናቶችና ለአሳዳጊዎች

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ልረዳው እችላለሁ?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ከላይ የነገርናችሁ እናት ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። መረዳት መጀመሪያ የሚያድገው በጆሮ ነው። ተረት የሚነገረው፣ የነቢያት ታሪክ የሚተረክለት፣ «ከዚያስ? ስለ ምን?» እየተባለ የሚወራለት ልጅ መጽሐፉን ሲከፍት ግማሹን መንገድ ሄዶ ይጠብቃል። አባት በሌለበት ቤት እናት ቀኑን ሙሉ በልብስ አጠባ ወይም በእንጀራ ጋገራ ደክማ ስለምትገባ ለወግ ጊዜ እንደማይተርፋት አንዘነጋም። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በመግሪብና በዒሻእ መካከል አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይሁን። ልጁ እንጀራው እየተጋገረ ያንብብ፤ እናንተ እጃችሁ ሥራ ላይ እንዳለ «ስለ ማን ነው? ምን ሆነ? ስለ ምን? አንተስ ምን ታስባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ «እኔ አልገባኝም፣ እንደ ገና አንብበህ አስረዳኝ» በሉት። ለማታነብ እናቱ የሚያስረዳ ልጅ መምህር ሆነ ማለት ነው።

በቤት ታላቅ ልጅ ካለ ለታናሹ ያስነብብ። ኢማም ሻፊዒይ (150–204 ዓ.ሂ.) አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው በእናታቸው እጅ በችግር አድገዋል። እናታቸው ለመምህር የሚከፍሉት ስላልነበራቸው፣ መምህሩ በሌለበት ልጁ ለሌሎቹ ልጆች ያስጠና ስለ ነበር ያ እንደ ክፍያ እንደ ታሰበላቸው በታሪካቸው ይተረካል። ሌላውን በማስጠናት የሚጎድል ዕውቀት የለም።

ለለጋሾቻችን

የበድር ምርኮኞች መፃፍና ማንበብ የሚያውቁት፣ ለቤዛ የሚከፍሉት ባይኖራቸው፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን እንዲያስተምሩና ነፃ እንዲወጡ መደረጉ በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። በዚያ የችግር ዘመን ከገንዘብ ጋር ተመዝኖ ንባብ ዋጋ አገኘ። ከዚህ በመነሣት አምስት ነገሮችን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፣ የምትረዱት ልጅ ሪፖርት ሲደርሳችሁ ስለ ደረጃው ብቻ አትጠይቁ። «በዚህ መንፈቅ ምን አነበበ? ምን ተረዳ?» ብላችሁም ጠይቁን። እናንተ ስትጠይቁ እኛም እንጠየቃለን።

ሁለተኛው፣ ከደብተር ጋር የሚነበብ መጽሐፍም ይታሰብ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። ስለዚህ መጻሕፍቱ በልጁ ቋንቋ ቢሆኑ ይመረጣል። አጫጭር ታሪኮች ያሉባቸው ጥቂት መጻሕፍት ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ብዙ ልጆችን ያገለግላሉ፤ የማይቋረጥ ሰደቃም (ሰደቀቱል ጃሪያ) ይሆናሉ ብለን ከአላህ እንከጅላለን።

ሦስተኛው፣ ለልጁ ደብዳቤ ጻፉለት። በሀገር ውስጥም፣ በዓረብ ሀገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካም ያላችሁ ወገኖቻችን ለሁለቱ ዒዶች አጭር ደብዳቤ በማኅበራችን በኩል ብትልኩ፣ በውስጡም አንድ ጥያቄ ብታስቀምጡ፣ ልጁ መልስ ለመጻፍ ሲል ያንን ደብዳቤ ደጋግሞ ያነበዋል። ደብዳቤው ስጦታችሁን የሚያስታውስ አይሁን፤ ሰደቃ በመመጻደቅ እንደምትበላሽ ታውቃላችሁ። ስለ ሥራችሁ፣ ስለምትኖሩበት ሀገር፣ በልጅነታችሁ ስላጋጠማችሁ ነገር ጻፉለት።

አራተኛው፣ የንባብ ጊዜን ግዙለት። ዘይነባ የዘገየችው ስለ ሰነፈች አይደለም። ብዙ የቲሞች ከትምህርት በኋላ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሱቅ ይጠብቃሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ። ለእናቲቱ የሚደረግ መጠነኛ የመቋቋሚያ ድጋፍ፣ መብራት በሌለበት ቤት ደግሞ አንዲት የፀሐይ ኃይል መብራት፣ ለልጁ ያቺን አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጡታል።

አምስተኛው ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። ልጆችን በእንግዳ ፊት አቁመን ማስነበብ ትተናል። የቲሙ ለእኛ መታያ ሊሆን አይገባውም። እንግዳ ሲመጣ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ያንብብ፣ ያነበቡትንም ያወያየው እንላለን።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ አባቱ በሕይወት ያለለት ልጅ ቢሳሳት የሚያርምለት፣ ደብዳቤ ቢመጣ የሚያነብለት አለው። የቲሙ ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ አንባቢ እርሱ ራሱ ነው፤ እናቱና ታናናሾቹም የሚያውቁት እርሱ በተረዳው መጠን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ያለ ልጅ፣ የቲምም ይሁን የአብራካችሁ ክፋይ፣ አንብቦ ሲጨርስ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት ያቺ እናት እንደ ጠየቁት «ታዲያ ምን ይላል ልጄ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን አንብበው የሚረዱ፣ ተረድተውም የሚሠሩበት ያድርጋቸው። የሰጣችሁትን በጎ ሥራ ይቀበላችሁ። አሚን። ወላሁ አዕለም።